የሚንኮሸኮሸው ፓፍ

ጠጋ በሉማ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። እጣኑን ግን እባካችሁ ወደዚያ አርቁልኝ። እኔና እጣን ከተቀያየምን ሰንብተናል። ከእጣን ጋር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ከከሰል ጭስ ጋር፣ ከሚታመስ በርበሬ ጋር፣ ከመስከረም አበባ ብናኝ ጋር፣ ከሽሮሜዳ የማለዳ ብርድ ጋር፣ ከጎረቤታችን ድመት ጋርም ሰላም የለኝም። ሐኪሞቹ አስም ይሉታል። ባለቤቴ ደግሞ «ደረትህ ሰበበኛ ነው» ትለኛለች፤ ምንጣፍ ማራገፍ ሲመጣ ሲር ሲር የሚለው ደረት ጠጅ ሲቀርብ ጸጥ ይላልና አልፈርድባትም።

አስም ያለበት ሰው ኪሱ ውስጥ አንድ ፓፍ ካለው ደህና ሰው ነው። ሦስት ካለው እኔ ነኝ። አንደኛው ከዚሁ ከሰፈር የገዛሁት ሰማያዊው ሳልቡታሞል ነው። አንዴ ሲጫኑት 100 ማይክሮግራም ይሰጣል፣ አንዱ ጣሳ 200 ጊዜ ይነፋል፤ የፈለገው ፋብሪካ ይሥራው፣ እኛ ሰፈር ቬንቶሊን ከመባል አላመለጠም። ሁለተኛው ቀይ ቀፎ ያለው ነው፤ የአጎቴ ልጅ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከካልሲና ከቫይታሚን ጋር ጠቅልላ የላከችልኝ፣ ላዩ ላይ አልቡተሮል የሚል የተጻፈበት። ሦስተኛውን ያመጣልኝ በስቶክሆልም የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ነው። እሱማ ጭራሽ ፓፍም አይመስል፤ ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ታቹ የሚሽከረከር፣ ጋዝ የሚባል ነገር የሌለው፣ ቱርቡሃለር የሚሉት የዱቄት መሣሪያ ነው። ውስጡ ያለውም ሳልቡታሞል ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ተርቡታሊን ነው።

ይህን የስዊድኑን ነው ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት። ማታ ማታ ልተኛ ስል ከመሳቢያ አወጣውና ጆሮዬ ሥር አድርጌ እነቀንቀዋለሁ። ኮሽ ኮሽ ይላል። «አለ!» እላለሁ። ይመለሳል መሳቢያው፣ እመለሳለሁ አልጋዬ። ዘንድሮ ገንዘብ ባንክ ያለው ሰው እንኳ እንደኔ ተረጋግቶ መተኛቱን እጠራጠራለሁ።

የደመራ ዕለት ጠዋት ነው። ማታ የሰፈሩ ልጆች ደጃችን ላይ ደመራ መለኮሳቸው አይቀርም፤ ጭሱ ደግሞ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ የኔን መስኮት። አርቆ አሳቢ ነኝና ሰማያዊው ፓፍ ምን ያህል እንደቀረው አስቀድሜ ላጣራ አልኩ። ቁጥር የሚያሳይ ነገር የለውም። ቢነቀንቁት ይንቦጫቦጫል፣ ቢጫኑት ይተፋል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። አንድ የድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ያስተማረኝ ዘዴ ትዝ አለኝ፦ ጣሳዋን ከቀፎዋ አውጥተህ ውሃ ውስጥ ትጥላታለህ፤ ከሰጠመች ሙሉ ናት፣ በጎኗ ከተንሳፈፈች ባዶ። ያገኘሁት ውሃ ባለቤቴ ዶሮ ልታጥብበት ያዘጋጀችው ሳፋ ነበር። ጣልኳት። አልሰጠመችም፣ አልተጋደመችም፤ ቂጧን ብቅ አድርጋ ቆማ ቀረች።

ጎረቤታችን በዚያው ሰዓት መጥረቢያ ሊዋስ ገብቶ ነበርና ጎንበስ ብሎ ተመለከተ፣ አገጩን አሻሸ፣ «ግማሽ ናት» ብሎ ፈረደ። እኔ «ሩብ» አልኩ። ክርክሩ ስለ ውሃው ጨው አልባነት ሊያመራ ሲል ባለቤቴ ሳፋውን ከመሃላችን አነሣችው።

ኋላ እንደተነገረኝ ይህ የውሃ ምርመራ ድሮ በየአገሩ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ግን እምነት አይጣልበትም፣ ጭራሽ ውሃው ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ያበላሻታል። የባሰው ደግሞ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የተረፈው ጋዝ ፍስስ ማለቱን አለማቆሙ ነው። እንግዲህ ስንት ጊዜ ባዶ ነፋስ ስቤ «ተመስገን፣ ቀለለኝ» እንዳልኩ እሱ አንዱ ይወቀው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሂድና አዲስ ግዛ» አለች ባለቤቴ። «ስትመለስ ሽንኩርት። ሽንኩርቱን እንዳትረሳ።»

ጉዳዩ ይህችው ነበረች፤ ፓፍና ሽንኩርት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉ የለ፣ እኔ ግን ሦስቱንም ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ላወዳድር። ብሬን ከማውጣቴ በፊት ፍቱኑ የትኛው እንደሆነ ባለሙያ ፊት ይለይልኝ ብዬ ነው እንጂ ውጤቱንስ ታክሲዋ ስድስት ኪሎን ሳታልፍ በልቤ ጨርሼው ነበር፦ አንደኛ አሜሪካ፣ ሁለተኛ ስዊድን፣ የእኛው ለተሳትፎ።

አራት ኪሎ ወርጄ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። የበዓል ሰልፍ ነበር። ለነገው ጥሬ ሥጋ ከዛሬው የኮሶ መድኃኒት የሚገዙ ብልሆች ከፊቴ ተደርድረዋል። ከኋላዬ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እማማ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ወጣት እናት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጇን ይዛ ቆማለች። ልጁ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ታቅፏል። ውሃ ጠምቶት ይሆናል አልኩና ወደ እማማ ዞርኩ፤ ምክንያቱም ሰልፍ ላይ ዝም ብሎ መቆም አልችልም፣ በተለይ የማውቀው ነገር ሲኖር።

«ይህን ፓፍ የሚሉትን ነገር እማማ፣ ያሳሰበችው አንዲት ሕፃን ናት ቢባሉ ያምናሉ?» አልኳቸው ፌስታሌን ከፍ አድርጌ። «እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። አሜሪካ ውስጥ ራይከር የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ነበረ፤ አለቃው ጆርጅ ሜይሰን ይባላል። የ13 ዓመት ልጁ አስም ነበረባት። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ በመስታወት ዕቃ ሆኖ የጎማ ኳስ እየተጨመቀ ነበር የሚሳበው፤ ይሰበራል፣ ይፈሳል፣ መጠኑም አይታወቅም። ልጅቷ ታዲያ ‹አባዬ፣ ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ በጣሳ አይሆንልኝም?› አለችው። በቀጣዩ ዓመት ጣሳው ገበያ ላይ ዋለ!»

እማማ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ሰልፉ ሄዷል» አሉኝ።

እውነትም ሄዶ ነበር። መስኮቱ ጋ ያለችው መድኃኒት ሰጪ ልጅ እግር ናት፤ ነጭ ጋወን፣ ጆሮዋ ላይ እስክሪብቶ፣ ፊቷ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የቆመ ሰው ትዕግሥት። «ምን ልታዘዝ ጋሼ?» አለችኝ። ፌስታሌን ፈትቼ ሦስቱንም መስታወቱ ላይ ደረደርኳቸው።

«ከነዚህ የቱን ነው የሚጠቀሙት?»

«እንደ ቀኑ ነው» አልኩ። «ለደህና ቀን የእኛን፣ ለከበደ ቀን የአሜሪካውን፣ ለክፉ ቀን የስዊድኑን። የአሜሪካው ኃይለኛ ስለሆነ በየቀኑ አልደፍረውም።»

ቀዩን አንሥታ አገላበጠችው። «ጋሼ፣ አልቡተሮል ማለት ሳልቡታሞል ነው። እነሱ በዚያ ስም ይጠሩታል እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው።» እኔ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነኝ። «ይኸው 90 ይላል፣ የእኛው 100!» ብዬ ጣቴን ቀሰርኩ፤ ከዚህ ቁጥር የአሜሪካው ኃይለኛነት እንዴት እንደሚወጣ አሁን ሳስበው አይገባኝም። እሷ ግን አልሳቀችም። አሜሪካኖቹ የሚቆጥሩት ከአፍ መያዣው የሚወጣውን ነው፣ ሌሎቹ ከጣሳው ቫልቭ የሚወጣውን፤ አሥሯ ማይክሮግራም ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፋ የምትቀር ናት፣ ሰውዬው ደረት የሚደርሰው ያው ነው አለችኝ። ሁለቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታሉ፣ ሁለቱም ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያሉ። የቀዩ ብልጫ ጀርባው ላይ የቀረውን የሚቆጥር ቁጥር መኖሩ ብቻ ነው።

አንደኛዬ ወደቀ። ምንም አይደለም፣ ሁለተኛዬ አለ ብዬ የስዊድኑን ገፋ አደረግሁላት።

ክዳኑን ፈታች፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ሚጢጢ መስኮት ወደ ብርሃን ያዘች። ሁልጊዜ የማያት፣ ጌጥ ትመስለኝ የነበረች መስኮት ናት። ቀይ ሆናለች፤ እስከ ታች ድረስ። «ይሄ አልቋል» አለች። «ቀዩ ምልክት ብቅ ሲል ሃያ ያህል ቀርቶታል ማለት ነው። እዚህ ታች ከደረሰ ባዶ ነው።»

«እንዴት ያልቃል? ይንኮሸኮሻል እኮ!» ብዬ ተቀበልኳትና ጆሮዋ አጠገብ ነቀነቅሁት። ኮሽ ኮሽ። ሰልፉ በሙሉ ጆሮውን ሰጠን። የኮሶ መድኃኒት የያዙትም ቆም አሉ።

«የሚንኮሸኮሸው እርጥበት የሚመጥ ማድረቂያ ነው ጋሼ። መድኃኒቱ ድምፅ የለውም።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ። ስንት ሌሊት ነው ያንን ድምፅ እየሰማሁ «አለ!» ያልኩት? ውጭ ዝናብ ሲወርድ፣ ብርዱ በበሩ ሥር ሲገባ፣ ሐኪም ቤት ሩቅ ታክሲም የለ፣ እኔ ግን የማድረቂያ ኮሽታ ተንተርሼ እንቅልፌን ስለጥጥ! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ፤ እኔ የአህያ ባል ለማግኘት ነው ስቶክሆልም ድረስ ያስቸገርኩት።

ልጅቱ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ወሬ ለመለወጥ «እስቲ እንዴት እንደሚስቡ ያሳዩኝ» አለችኝ። ይህንስ አላጣውም! የአስም ዕድሜዬ ከዚች ልጅ ዕድሜ ይበልጣል። ቀዩን አነሣሁ፣ እንደ ለመድኩት አንገቴን ወደ ኋላ ሰበርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ተጫንኩ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ዓይኔን ስገልጥ በአፌም በአፍንጫዬም ነጭ ጉም እየወጣ መስታወቷን አልብሶታል።

«ወጣ!» አለ ባለ ሃይላንዱ ልጅ። እናቱ አፉን ያዘችው።

«አይ፣ ይሄ አልተያዘልኝም» አልኩና ደገምኩት። ጉም። «ዛሬ ሰው ስላለ ነው» አልኩና ደገምኩት። «ይቆዩ ጋሼ፣ መጀመሪያ ትንፋሽዎን ያውጡ…» ስትል እኔ ቀድሜያት እንደገና ተጫንኩ። በመሃሉ አንዱ ሳይታወቀኝ ገባ፤ ከዚያ ሌላው። «የድሮው ፓፍ ነበር ፓፍ!» አልኩ በንዴት፤ «ጉሮሮህ ላይ በረዶ ሆኖ ሲያርፍ መድኃኒት መውሰድህን ታውቅ ነበር። የዛሬው ምን ይለዋል፣ እፍ ብሎ ዝም!»

«ጉሮሮ ላይ ካረፈማ ሳንባ አልደረሰም» አለች።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የድሮው ጋዝ ያ በሰማይ ያለውን የኦዞን ሽፋን ይበላል የተባለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ ውል ከታሰረ በኋላ ቀስ በቀስ ከፓፍም ወጣ፣ አሜሪካኖች በ2008 መጨረሻ ላይ የድሮውን ጋዝ ሳልቡታሞል ከገበያ አገዱ። አዲሱ ለስለስ፣ ሞቅ ያለ ነው። እኔ ታዲያ ያንን ሁሉ ዘመን የናፈቅሁት ለካ ጉሮሮዬ ላይ የባከነውን ነው።

በዚህ ጊዜ ነው እናትየው ልጇን ወደፊት ገፋ ያደረገችው። እንዲያሳየኝ አልነበረም፤ ልጁ እውነትም ደረቱ ይጮህ ነበርና ሰልፉን አልፎ ይውሰድ ብላ ነው። የሃይላንዱን ጠርሙስ ቂጥ የፓፉን አፍ ልክ አድርጋ በጋለ ሽቦ በስታዋለች፤ ፓፉን እዚያ ሰካች፣ ልጁ የጠርሙሱን አፍ ጎረሰ፣ አንዴ ተጫነችለት። ጉሙ ጠርሙሱ ውስጥ ቆመ፤ ልጁ ሳይቸኩል፣ ሳይገተር፣ አየር ይስባል፣ ያወጣል፣ ይስባል። ከአፍንጫው የወጣ ነገር የለም።

መድኃኒት ሰጪዋ ፊቷ በራ። ይሄማ የታወቀ ነው አለችኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ ኬፕ ታውን ውስጥ በሕፃናት ላይ የተጠና ነው፤ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ በውድ ከሚገዛው ስፔሰር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጉሙ ጠርሙሱ ውስጥ ስለሚጠብቅ እጅና ትንፋሽ መገጣጠም አይጠበቅባቸውም። እኔ ባሕር ማዶ ሳስስ፣ ነገሩ በየመንገዱ የሚጣለው ሃይላንድ ነው።

ልጁ ጠርሙሱን ከአፉ አወጣና በርኅራኄ አየኝ። «ጋሼ፣ በቀስታ ነው» አለኝ።

በቀስታ! ለካ ጋዙ የራሱ ጉልበት ስላለው በዝግታና በረጅሙ ነው የሚሳበው፣ ከዚያ አሥር ያህል ቆጥሮ ትንፋሽ መያዝ ነው። የዱቄቱ ግን ጋዝ ስለሌለው የሚያነሣው የሰውየው ጉልበት ብቻ ነው፤ እሱ ነው በኃይልና በፍጥነት የሚሳበው፣ ወደ ውስጡም እፍ አይባልም፣ የትንፋሽ እርጥበት ዱቄቱን ያጓጉለዋል። እኔ የጋዙን በጉልበት፣ የዱቄቱን በዝግታ፣ ያውም አቧራ እንዳይኖረው አስቀድሜ እፍ እያልኩበት ነው የኖርኩት።

ልከፍል ኪሴ ስገባ እጄ እምቢ አለኝ። ይንቀጠቀጣል። ብሩን ሳወጣ ብሩም ተንቀጠቀጠ። ልቤ ደግሞ ደረቴን ሰብሮ ወደ ቀበና ሊጋልብ ይመስላል። «እህቴ፣ ልሞት ነው መሰለኝ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ ሰልፉ እንዳይሰማ። ሰልፉ ሰማ። እማማ ክንዴን ይዘው የደም ግፊት የሚለካበት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝና «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብለው ነጠላቸውን አራገቡልኝ።

ልጅቱ ወጥታ የእጄን ምት ቆጠረች። ያልፋል አለች፤ ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧውን ጡንቻ ሲያላላ የእጅን ጡንቻ ያንቀጠቅጣል፣ ልብንም ያፈጥናል፣ ደጋግመው ሲወስዱትማ ይብሳል። «ይሄ እንኳ የተሻለው ነው ጋሼ።» እውነቷን ነው። የመጀመሪያዎቹ ጣሳዎች የያዙት አድሬናሊንና አይሶፕሬናሊን ነበር፤ ሳንባም ልብም አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ጠንከር ተደርጎ የተሠራው አይሶፕሬናሊን በተስፋፋበት ጊዜ የአስም ሞት አሻቅቦ ብዙ አነጋግሯል። ዴቪድ ጃክ የሚመራው የአለን ኤንድ ሃንበሪስ ቡድን ሳንባን ከልብ የሚለይ መድኃኒት ፍለጋ ገብቶ ሳልቡታሞልን ያገኘው፣ በ1969ም ቬንቶሊን ብሎ ያወጣው በዚያው ዘመን ነው። እኔ ግን በበዓል ዋዜማ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ እማማ እያራገቡልኝ፣ ከድሮዎቹ ጋር ለመስተካከል የቻልኩትን ያህል ሞክሬያለሁ።

«ሐኪምዎ ከሰማያዊው ሌላ ያዘዘልዎት አልነበረም?» አለችኝ።

ነበረ። አራተኛ ነበረኝ ለካ! ቡናማው ቤክሎሜታዞን፣ ከመሳቢያው ጥግ፣ ከተበላሹ ባትሪዎች ኋላ። የተውኩት ስለማያረካ ነው፤ ስትስቡት ምንም አይላችሁም፣ አይከፍት፣ አያንቀጠቅጥ። እሷ ግን ነገሩ ያለው እዚያ ጋ ነው አለች። ሰማያዊው የተኮማተረውን ቧንቧ ለሰዓታት ይከፍታል እንጂ ያበጠውን አያበርድም፤ የሚያበርደው በየቀኑ የሚወሰደው ቡናማው ነው። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ አውጪ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አዋቂ ሰው በሰማያዊው ብቻ ይታከም አይልም፤ ማብረጃውና ፎርሞቴሮል የሚሉት ፈጣን ከፋች በአንድ ላይ ያሉበትን ነው የሚያስቀድመው፤ ስለሱ ሐኪምዎን ይጠይቁ አለችኝ። «ሰማያዊውን በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠቀማሉ?» ስትለኝ «እንደ ሳምንቱ ነው» አልኩ፤ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና በደንብ አሰመረችበት። ሰማያዊው ካልያዘልዎት ደግሞ ሌላ ፓፍ ፍለጋ መሳቢያ አይክፈቱ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ብላ ደገመችልኝ። አዲሱ ጣሳ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፈችበት።

በታክሲው ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲል ብሩን ዘረጋሁለት። ብሩ አሁንም ይወዛወዛል። እጁን ሰደደ፣ ሳተው፤ ደገመ፣ ሳተው። «ፋዘር፣ ዝም ብለው ይያዙልኝማ፣ ብሩን ልያዘው!» አለ። ከኋላ ወንበር አንዷ «ተዋቸው፣ በዓል ነው፣ ቀመስ አድርገው ነው» አለች። አስም ነው ልል አፌን ስከፍት የኮሶ መድኃኒት ከያዙት አንዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አየሁት። ከሰልፉ የተከተለኝ ብቸኛ ምስክር። ለሁሉም በዝርዝር አስረዳቸው፤ ኮሽ ኮሹን ሳይቀር በምላሱ አደረገው።

ቤት ገባሁ፤ መሳቢያውን ገለበጥኩ፣ ባትሪዎቹን በተንኩ፣ ቡናማውን አገኘሁት። ቀኑም አላለፈም። በቀስታ ሳብኩት፣ አሥር ቆጠርኩ። ልጅቱ ታዲያ ይህን ከወሰዱ በኋላ አፍዎን ይጉመጥመጡ፣ ያለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ሻጋታ ያወጣል ብላኛለችና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ደጅ ወጣሁ። ጉንጬን ሞልቼ ስጉመጠመጥ ጎረቤታችን መጥረቢያውን ሊመልስ በበሩ ገባ።

«እንኳን አደረሰህ!» አለኝ።

አፌ ሙሉ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ።

«እንኳን አደረሰህ እኮ ነው የምልህ!»

ግርር፣ ግርር።

ፊቱ ጠቆረ። መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ማድ ቤት አመራና «ምን በደልኩት? ስለ ጣሳዋ ግማሽ ናት ማለቴ ነው?» ሲል ሰማሁት።

«ተወው» አለች ባለቤቴ ከውስጥ፤ «ሽንኩርት ረስቶ መጥቶ መልስ እያሰበ ነው።»